«መጽሐፉ ልጄን ቀማኝ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የማታ ሥራ ነው የምሠራው። የ16 ዓመት ልጄ ከአምና ጀምሮ ሰው ጠልቷል። ራት ሲቀርብ ሳህኑን ይዞ ክፍሉ ይገባል። የሚያነበው አንድ የጃፓን ልብ ወለድ ብቻ ነው፤ 14 ክፍል አለው። ደብተሩ ላይ «ወጣትነት ውሸት ነው፣ ክፋት ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ተናድጄ መጽሐፎቹን በካርቶን አድርጌ መኪናዬ ውስጥ ደበቅኳቸው። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ ቃል አይወጣውም። ልጣላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጣሏቸው። መጀመሪያ ልብዎ ትንሽ ይረፍ። ደብተሩ ላይ ያገኙትን ልጅዎ አልፈጠረውም፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ መስመር ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የወጣትነቴ የፍቅር ኮሜዲ እንደጠበቅኩት ተበላሽቷል» እንደ ማለት ነው። የዋታሩ ዋታሪ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሮ በ2019 አለቀ። ጃፓኖች «ላይት ኖቬል» የሚሉት ዓይነት ነው፦ ትንሽዬ፣ አልፎ አልፎ ሥዕል ያለበት፣ ለወጣቶች የሚጻፍ።

ታሪኩ ቺባ ከተማ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሃቺማን የሚባል ጓደኛ የሌለው ተማሪ ስለ ትምህርት ቤት ሕይወቱ ድርሰት ጻፍ ሲባል ያንን መርዝ ጽፎ ይሰጣል። መምህርቱም እንደ እርስዎ አነበበችው። ከዚያ ምን አደረገች? የተቸገረ ተማሪ የሚረዳ ክበብ ውስጥ በግድ አስገባችው። እዚያ ዩኪኖ የምትባል ተማሪ ያገኛል፤ ትንሽ ቆይታ ዩዊ የምትባል ሌላ ልጅ ትጨመራለች።

መጽሐፉ የሚያይለው ብቸኝነትን ከውስጥ ሲያሳይ ነው። ሃቺማን በፊት አንዲትን ልጅ «እወድሻለሁ» ብሏት፣ በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ ሰምቶበታል። ከዚያ በኋላ ደግ ልጅ ፈገግ ስትልለት «ለሁሉም እንዲህ ናት፣ አትሞኝ» እያለ ራሱን ይገስጻል። እኔ ዘንድ የሚመጡ ጎረምሶች ይህንኑ ለመናገር ወራት ይፈጅባቸዋል። አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ራሱን ሲያገኝ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ይላል። ልጅዎን ከሰው የለየው መጽሐፉ አይመስለኝም። መጀመሪያ ብቻውን ሆነ፣ ከዚያ መጽሐፉን አገኘ።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። ሃቺማን ነገር የሚፈታው ራሱን በማስጠላት ነው። ስድስተኛው ክፍል ላይ የትምህርት ቤቱ በዓል ሰብሳቢ ሥራዋን ትታ ትደበቃለች። እሱ ሆን ብሎ ይሰድባታል፤ ሌሎቹ አዝነውላት ይዘዋት ይመለሳሉ፣ ጥላቻው ሁሉ እሱ ላይ ይቀራል። ሰባተኛው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ኪዮቶ ከተማ ባደረገው ጉዞ፣ የጓደኛሞች ቡድን እንዳይፈርስ ለማይወዳት ልጅ የውሸት ፍቅር ይገልጻል። ተራኪው እሱ ራሱ ነው፣ ምላሱ ደግሞ ይጣፍጣል። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ጀግንነት ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። «እኔ ልጎዳ፣ ለማንም አልናገር» የሚል ጀግንነት ግን ያሳስበኛል።

ሌላም አለ። ብቸኛ ነኝ ይላል፣ ዙሪያውን ግን ቆንጆ ልጃገረዶች ናቸው። የእርስዎ ልጅ ካፊቴሪያ ውስጥ ይህ አይገጥመውም። መምህርቱ በቡጢ ስትለው እንደ ቀልድ ያልፋል፤ እኔን አላሳቀኝም። መጨረሻ ላይ ፍቅሩን ሲገልጽ እንኳ «እወድሻለሁ» ማለት አቅቶት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። (አሥራ አራት ክፍል ሙሉ! የኛም ሰው እንዲህ ነው ብላችሁ አትሳቁ።)

ግን ደራሲው ልጁን እዚያው አልተወውም። ከኪዮቶ በኋላ ዩኪኖ አካሄድህን እጠላዋለሁ ትለዋለች፣ ዩዊ ታለቅሳለች። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ያ ሁሉ ምላስ ይተወዋል፤ እያለቀሰ «እውነተኛ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ» ይላቸዋል። ልጅዎ እዚህ ደርሶ ይሆን? ካልደረሰ፣ የቀሙት መድኃኒቱን ነው።

በዚህ ታሪክ ወላጆች ሥራ ላይ ናቸው፣ ብዙም አይታዩም። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ የማታ ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሃቺማን ሲከፋው ቁጭ ብላ የምትሰማው ታናሽ እህቱ ናት። አልገሠጸችውም፣ ምን ሆንክ አለችው፣ እስኪጨርስ ሰማችው።

እና ዛሬውኑ ካርቶኑን ይመልሱ። «ሳልጠይቅህ መውሰዴ ጥፋቴ ነው» ይበሉት። «ግን እኮ…» አይጨምሩበት። ከዚያ «ጓደኛ ለምን የለህም?» ሳይሆን «የትኛው ክፍል ላይ ደርሰሃል?» ብለው ይጠይቁት። «አንደኛውን ክፍል አውሰኝ» ብለው ያንብቡ፤ ቢሰለችዎትም። እያነበቡ ሰባተኛው ክፍል፣ የኪዮቶው ጉዞ ላይ ሲደርሱ «ሃቺማን ያደረገው ልክ ነበር?» ይበሉት። ስለ ሃቺማን ሲያወራ ስለ ራሱም ማውራቱ አይቀርም። እርስዎ አያርሙት።

እንቅልፉ ወይም ምግቡ ከተዛባ፣ ውጤቱ ከወረደ፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ። ስለ ሞት ካወራ ደግሞ ፊት ለፊት «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብለው ይጠይቁት፣ ወዲያውም 988 ይደውሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው የሚረዳ የስልክ መስመር ነው።

የዕረፍት ቀንዎ ላይ ቡና ሲያፈሉ ይጥሩት። ሃቺማን ማክስ ኮፊ የሚባል፣ የጣፋጭ ወተት ያለበት የቆርቆሮ ቡና ነው የሚወደው። «ያ ደግሞ ቡና ይባላል?» ይበሉት። ሊከራከርዎት ይችላል። ይከራከር።