ለወፏ ስም አትቸኩሉ፦ በመጸው ወደ ባሕር ዳርቻ ለምትወጡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የወፎች ፍልሰት ሲደርስ መነጽር አንግታችሁ ባሕር ዳርቻ ለመዋል መነሳታችሁ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት ሥራ ነውና ዝም ብዬ ልሸኛችሁ አልቻልኩም። ምክሬ አንድ ነው፤ ወፏን በደንብ ሳታዩ ስሟን ለማወቅ አትጣደፉ።

አሁን ፎቶ አንስቶ አፕ መጠየቅ ቀላል ነው። አፑን እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ክፋት የለውም። ችግሩ ስሙ ሲመጣ ዓይን ሥራውን ማቆሙ ነው።

በቅድሚያ ግን ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ባሕሩ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል እዩ። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲጎድል ወፎቹ ሩቅ ጭቃ ላይ ይበተናሉ፤ በቴሌስኮፕም ቢሆን ነጠብጣብ ናቸው። ሲሞላ ደግሞ ውኃው ራሱ ወደ እናንተ ያመጣቸዋል። ስለዚህ ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ። ዳርቻውን ሲያስስ የሚውል ሰው እግሩን ያደክማል እንጂ ብዙ አያይም።

ነፋሱንም አትርሱ። ከባሕር ወደ የብስ ጠንከር ብሎ ሲነፍስ የባሕር ወፎች ወደ ዳር ይጠጋሉ። ብዙዎቹ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው። መንገድ ላይ ዝናብና ተቃራኒ ነፋስ ከገጠማቸው፣ ጠዋት የባሕር ዳሩ ቁጥቋጦ በደከሙ ወፎች ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ንስሮችና ሽመላዎች ግን ከምድር በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ስለሚንሳፈፉ ቀን ይጓዛሉ፤ ሰፊ ባሕርም ይሸሻሉ። ስለዚህ እንደ ጂብራልታር (በስፔንና በሞሮኮ መካከል)፣ ቦስፎረስ (ኢስታንቡል ላይ) እና ባብ ኤል መንደብ ያሉ ጠባብ መሻገሪያዎች ላይ ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች ከ240,000 በላይ ነበሩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ከፊታችሁ ጭቃውን በምንቃራቸው የሚወጉ ወፎች አሉ እንበል። አንዷን ምረጡና አሥር ደቂቃ ስጧት። ትሮጣለች ወይስ ቆማ ትወጋለች? ምንቃሯ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የጎበጠ? ከዚያ ላባዋን እዩ። ያረጀና የተበጣጠሰ፣ እዚህም እዚያም የመራቢያው ወቅት ቀይ ቀለም የቀረበት ከሆነ በዕድሜ ትልቅ ወፍ ናት። ጠርዙ ነጣ ያለ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ አዲስ ላባ ካላት ደግሞ ዘንድሮ የተፈለፈለች ናት። በብዙዎቹ የዚህ ወገን ወፎች ትልልቆቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ከሳምንታት በኋላ ለብቻቸው ይከተላሉ። መንገዱን ያሳያቸው የለም።

ዕድሜ መለየት ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፐርዴክ የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በመጸው ፍልሰት ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ስታርሊንግ የተባሉ ወፎችን ከሆላንድ ወደ ስዊዘርላንድ ወስዶ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት አስሮ ለቀቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጥናት እንደታየው፣ ቀደም ሲል መንገዱን የሚያውቁት ትልልቆቹ አቅጣጫቸውን አስተካክለው ወደ ለመዱት ስፍራ አቀኑ። የዓመቱ ልጆች ግን በያዙት አቅጣጫ ቀጥለው ደቡብ ፈረንሳይና ስፔን ገቡ። መዝገቡ ላይ «ስታርሊንግ» ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታየ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከአላስካ ተነስታ ሳታርፍ 11 ቀን በርራ ታዝማኒያ (አውስትራሊያ) የደረሰችው ጎድዊት የተባለች ረጅም ምንቃር ያላት የባሕር ዳርቻ ወፍም ገና አምስት ወር ገደማ ነበረች። የሄደችው 13,560 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጭቃ ላይ የቆመች ልጅ ወፍ በቀላሉ አላልፍም።

ያያችሁትን እዚያው ጻፉ። ሥዕል ባትችሉም ሞክሩ፤ ማንም አያይባችሁም። መጽሐፉንና አፑን ከጻፋችሁ በኋላ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ያላያችሁትን ምልክት «አይቻለሁ» ማለት ይመጣል። ስሟ ካልተገኘ «አልታወቀችም» ብላችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን መዝግቡ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ዝርዝሩ ውስጥ አንድም ያልታወቀ ወፍ የሌለበት ጀማሪ እኔን ያጠራጥረኛል።

መንጋ ሲመጣ አሥር ወፍ ቁጠሩ፣ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ በዚያ መጠን ሌላውን ለኩ። በልምድ ይስተካከላል።

ሙላቱ ጫፍ ሲደርስ ወፎቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ያርፋሉ። እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ልናገር። ለፎቶ ብላችሁ አታስነሷቸው። ለሚቀጥለው በረራ ያጠራቀሙትን ስብ ነው የምታስጨርሷቸው። አንገታቸውን ቀና ቀና ካደረጉ ቀርባችኋል ማለት ነውና ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ሽሹ። ውሻ ያላችሁም ቤት ተዉት።