የሐረጎን ቁልቁለት በተበላ ሰሃን አትውረድ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ። የምጽፈው ከሐይቅ ከተማ ነው። የአባቴ ዲኤክስ አለችኝ፣ በፈረንጆች 1984 የተሠራች ኮሮላ። ሦስት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ዘንድሮ አስነሳኋት። ሞተሯ ምንም አይልም። የኋላ ግራ ጎማ ግን ፍሬን ስይዝ ይነክሳል፣ እግሬን ሳነሳም ቶሎ አይለቅም። ደሴ ደርሼ ቸርኬውን ስነካው እጅ ያቃጥላል። ታምቡሩ ሲከፈት ሸራዎቹ የተሰኩበት ክብ ላሜራ በዝገት ተበልቶ ታች በኩል ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አውጥቷል። መካኒኩ «ቁራጭ ላሜራ በይጄ እደፍንልሃለሁ፣ በግማሽ ቀን ትወስዳታለህ» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አሮጌ መኪና መዛጉ አይቀርም፣ ተወው ይላል። በየሳምንቱ ቤተሰብ ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ መኪናዋ ትድናለች። ግን ሁለቱንም አትስማ።

ያንን ክብ ላሜራ ሰሃን እንበለው። ብዙ ሰው አቧራ እንዳይገባ የተደረገ ክዳን ይመስለዋል። አይደለም። ታምቡሩን ከውስጥ ተጭነው የሚያቆሙት ሸራዎች የሚያርፉት እሱ ላይ ነው፣ ሸራ የሚገፋው ትንሹ ሲሊንደርም የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ፍሬን ስትይዝ የሚሽከረከረው ታምቡር ሸራውን አብሮ ይዞት መዞር ይፈልጋል። ያንን ጉልበት ተቀብሎ ለአክስሉ የሚያስረክበው ሰሃኑ ነው። እና ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ አንተም ታውቀዋለህ፤ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,900 እንኳ በቅጡ አትሞላም፣ ስለዚህ ሐረጎን ስትወርድ ልጆችህን የያዘልህ ያ ሰሃን ነው። በጥፍጥፍ ላሜራ ላይ አታሳርፋቸው።

አሁን ወደ ነከሰህ ነገር። ችግሩ ከቀዳዳው ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ሰሃኑ ላይ ስድስት ቦታ ትንሽ ከፍ ያሉ ጉብታዎች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ሸራ ሦስት ሦስት። ሸራው የብረት ጠርዙን እነሱ ላይ አሳርፎ ነው ወደ ውጭ የሚሄደውና የሚመለሰው። ሸራውን አውርድና በጥፍርህ ጉብታውን ፈትገው። ጤነኛ ከሆነ ጥፍርህ ለስ ብሎ ያልፋል። ካረጀ ግን ጥፍርህ ቀጭን ቦይ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ሸራውም የሚሆነው ልክ እንደ ጥፍርህ ነው፤ ሲገፋ ቦዩ ውስጥ ይያዛል፣ ከዚያ በግድ ዘሎ ይወጣና ይነክሳል፣ ሲመለስም እዚያው ቀርቶ ታምቡሩን እያሸ ይቆያል። ቸርኬህ የሚግለው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ሞላዎቹን ቀይሮ «ተሠርቷል» የሚልህ መካኒክ ቦዩን ካላየ በሳምንቱ ተመልሰህ ትመጣለህ።

መጀመሪያ አንተው እይ። ሜዳ ላይ አቁም፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ የእጅ ፍሬን ልቀቅ። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ አትሥራባት፣ ጠንካራ መደገፊያ ይኑርህ። ታምቡሩ እምቢ ካለ በመዶሻ አትፍለጠው፤ ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ በ12 ቁልፍ የሚታሰር ቡሎን ሁለት ፈልገህ አስገባና አንዴ ይህን አንዴ ያን ትንሽ ትንሽ እያጠበቅህ ስትሄድ ራሱ ይገፋልሃል። ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ደግሞ በአፍህም በኮምፕረሰርም እንዳትነፋ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል ጎጂ ማዕድን ነበራቸው፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው። ይህን በጣም አደራ እልሃለሁ፣ ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ ሲነፋ ስለማይ።

ሞላ ስትፈታ አንድ ጎን ብቻ ፍታ፤ ሌላው ጎን ሳይነካ ይቆይ፣ የትኛው ሞላ የት እንደነበር ስትረሳ ሄደህ ታያለህ። በስልክህም ፎቶ አንሳው።

ከዚያ ሰሃኑን በብረት ብሩሽ አጽዳውና በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን አንኳኳው። ደህናው ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ ደስ ይበልህ፦ እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ውረድበት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባው። ስድስቱን ጉብታዎች ግን ቀለም አታስነካ። እነሱ የሚፈልጉት ሙቀት የሚችል ግሪስ ነው፣ እሱም ስስ ብሎ። ተራ ግሪስ ሲሞቅ ቀልጦ ሸራ ላይ ይፈሳል፣ ያኔ ፍሬን የለህም ማለት ነው። ቦዩ ጥልቅ ከሆነና የቀረው ሰሃን ጤነኛ ከሆነ፣ ሰሃኑ ተፈቶ ወርዶ ቦዩ በብየዳ ይሞላና በሞረድ ከሌሎቹ ጉብታዎች እኩል ይስተካከላል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፣ እጁ የጸና በያጅ ካገኘህ አሠራው።

ያንተ ሰሃን ግን ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው ብለሃል። ቀዳዳው ሲሊንደሩ ከታሰረበት፣ የሸራው መደገፊያ ካለበት፣ ሸራውን የሚይዘው ቀጭን ፒን ከሚያልፍበት ወይም ሰሃኑን ከአክስሉ የሚያስሩት አራት ቡሎኖች ካሉበት አጠገብ ከሆነ ነገሩ አልቋል፣ ይቀየራል። ከነዚህ ርቆ ቢሆን እንኳ በአንድ በኩል እንዲህ የተበላ ላሜራ በሌላው በኩልም ስስ ነው፣ የሚበየደው ቁራጭ የሚይዘው ስሱን ነው። መኪናው ላይ እንዳለ ሲበየድ ደግሞ ሙቀቱ የሲሊንደሩን ጎማ ያበስለዋል፣ የብየዳው ኤሌክትሪክም ጎማው በሚዞርበት ኩሽኔታ በኩል ካለፈ ይጎዳዋል። በግማሽ ቀን ይለቃል የተባልከው ሥራ ሌላ ሦስት ሥራ ይወልድብሃል።

ስለዚህ ሌላ ሰሃን ፈልግ። ከፈረሰ ዲኤክስ የወጣ ጤነኛ ሰሃን ያዋጣል። ደሴ ካጣህ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ላክ፣ ግን አሮጌውን አስይዘው፣ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ሲገዛም ጉብታዎቹን በጥፍር ይፈትግ፤ ቀለም የተቀባ ሰሃን ስር ቦይ አይቼ አውቃለሁ።

ሲቀየር የኋላው ሻፍት መውጣት አለበት፣ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ሻፍቱ ከወጣ አይቀር የዲፈረንሻል ዘይት የሚይዘውን ጎማ አብረህ አስቀይር፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ካረጀ ግን ዘይቱ አዲሱ ሸራህ ላይ ይመጣል። የፍሬን ቱቦው ዳዶ ዝጎ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ይጠጣ። በግድ ከተፈታ ቱቦው ይጠመዘዛል፤ ከተጠመዘዘ መልሰህ አትግጠመው፣ ቀይረው። መጨረሻ ላይ ከፍሬን መስመሩ አየሩ ይውጣ፣ ሸራው ይስተካከል፣ ከዚያ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ደጋግመህ ሞክራት። ሐረጎን ከዚያ በኋላ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሰሃኑ ጀርባ ላይ ሸራ የሚስተካከልበት ሞላላ ቀዳዳ አለ፣ በትንሽ ጎማ ይደፈናል። ያ ጎማ አብዛኛው አሮጌ መኪና ላይ የለም፤ አንዱ መካኒክ አውልቆ ሳይመልሰው ቀርቷል። የክረምቱ ጭቃ፣ ቦርከና ዳር ስናጥብ የምንረጨው ውሃ፣ ሁሉም በዚያ ይገባና ታች ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ያንተም የተበላው ታች በኩል ነው። አዲሱን ስትገጥም ጎማው መኖሩን እይ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ። የመኪናዬ የፊት ጎማ ስነዳ ሽርርር ይላል። ጎሚስታው ከዲስኩ ጀርባ ያለው ቀጭን ላሜራ ዝጎ ነው፣ ቆርጬ ልጣልልዎት አለኝ። አደጋ የለውም?

መልስ፦ እትዬ፣ ይሄኛው ከላይ ካልነው የተለየ ነው። የዲስኩ ላሜራ ምንም ጉልበት አይሸከምም፣ ጭቃና ጠጠር ዲስኩ ላይ እንዳይረጭ ነው የተቀመጠው። ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚመጣው ታጥፎ ዲስኩን ስለነካ ብቻ ነው፤ ጎማው ይፈታና በእጅ ሳብ ያድርጉት፣ ያልቃል። ዝጎ የተንጠለጠለ ቁራጭ ካለ ግን እሱን ዛሬውኑ ያስወግዱት፣ ተላቆ ዲስኩ መሃል ከገባ ይጎዳዎታል። አዲሱን ላሜራ ኩሽኔታው በሚቀየርበት ቀን ያስገጥሙት፣ ብዙ መኪና ላይ እሱን ለማስገባት ያው ሥራ ነውና።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። በፒክአፕ ከአፍዴራ ጨው አመላልሳለሁ። ፍሬኔ በዓመት ይዝጋል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ የፈሰሰው ብናኝ ሰሃኑ ላይ ከተቀመጠ በጋም ክረምትም ይበላል። ጭነቱን ከሥሩ ጭምር በፕላስቲክ ሸፍን። ባራገፍክበት ቀን በንጹህ ውሃ ከሥር ወደ ላይ፣ የጎማዎቹን ውስጥ በደንብ አሳጥብ፤ የውጭ ቀለሙ ይቆይ። ታጥባ ስታበቃ ወዲያው አታቁማት። ትንሽ ንዳት፣ ፍሬን ለስለስ አድርገህ ደጋግመህ ያዝ፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል። የዚያን ሌሊት የእጅ ፍሬን አትሳብ፣ እርጥብ ሸራ ታምቡር ላይ ይጣበቃል። በማርሽ አስገብተህ ታኮ አድርግባት።