የኤሊ እንቁላል ለዶሮ አይሰጥም

እህቴ፣ ከባቲ ዘመድ ያመጣላችሁ ሁለት ኤሊዎች ደሴ ግቢያችሁ ውስጥ መክረማቸውን፣ አንዷም ትናንት ጓሮ ቆፍራ እንቁላል መጣሏን ጽፈሻል። ታቃፊ ዶሮ ስላለችሽ እሷ ሥር ላድርገው ወይስ ዶሮ እርባታ ያለ መፈልፈያ ማሽን ላስገባው ብለሻል። ልጅሽ ሳፋ ውስጥ የሚያሳድጋቸው የእንቁራሪት ልጆችም የፊት እግር ባወጡ ማግስት ይሞቱበታል። እኔ ኮምቦልቻ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን ግቢ ኤሊዎችና የቤተ ሙከራውን እንቁራሪቶች ለዓመታት ስንከባከብ ኖሬያለሁ። አብሽሪ፣ ለሁሉም መላ አለው። የእንቁላሉ ጉዳይ ግን ጊዜ ስለማይሰጥ ከእሱ ልጀምር።

ለዶሮዋ አትስጪው፤ ለማሽኑም እንዲሁ። ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል ቀኑን ሙሉ ደጋግማ ታገላብጣለች፤ ማሽኑም እሷን እንዲተካ የተሠራ ስለሆነ ያገላብጣል። ለጫጩት ደግ ነው። የኤሊ ፅንስ ግን እንቁላሉ ከተጣለ ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው የቅርፊት ክፍል ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ የተገለበጠ እንቁላል ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ሙቀቱም አይስማማውም። የዶሮ ማሽን 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይሠራል፤ የኤሊ እንቁላል የሚፈልገው ግን ከ28 እስከ 31 ነው።

እዚያው አፈር ውስጥ ተዪው እንዳልልሽ ደግሞ ያላችሁት ደሴ ነው። ባቲ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ኤሊዋ የቆፈረችው የቆላ አፈር መስሏት ነው፤ ጦሳ ሥር ያለ ጓሮ ሌሊቱን ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ አፈሩን በማንኪያ ቀስ ብለሽ ግለጪ። እንቁላሉን ከማንሣትሽ በፊት ወደ ሰማይ የዞረውን ጎኑን በእርሳስ ነጥብ አድርጊበት። ነጥቡ ወደ ላይ እንደሆነ አንሥተሽ፣ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ ባለበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ቅበሪው። አሸዋው ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲጨመቅ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። ዕቃውን ክዳን ባለው የፎም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪና ትንሽ አምፖል ከቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን አይቶ ራሱ ከሚያበራና ከሚያጠፋ መሣሪያ ጋር አያይዢለት። አምፖሉ የድሮው ዓይነት፣ ሲነካ የሚያቃጥለው ይሁን፤ ቆጣቢው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ቴርሞሜትሩ እንቁላሉ አጠገብ ይተኛ እንጂ ክዳኑ ላይ አይንጠልጠል፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱም አይቀርም፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከጎኑ አስቀምጪ። ለጥቂት ሰዓታት መቀዝቀዝ እንቁላሉን አያጠፋውም፤ ከ35 ዲግሪ በላይ መሞቅ ግን ያጠፋዋል። ስለዚህ ስትጠራጠሪ ወደ ቅዝቃዜው አድዪ። ከሰል ግን በፍጹም። ሽታ የሌለው መርዙ ከእንቁላሉ በፊት እናንተን ይወስዳል።

ስንት ወር እንደምትጠብቂ የሚወስነው ዝርያው ነው። በአገራችን ቆላዎች በብዛት የሚታወቁት የየብስ ኤሊዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቢጫማ ድንጋዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት ሲሆን ሲያድግ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ወጥ ቡናማ ሆኖ የኋላ ጭኑ ላይ እንደ ቀንድ የሾሉ ትልልቅ እሾሆች አሉት። ይህኛው ከ80 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ርዝመትና እስከ 100 ኪሎ ግራም ክብደት ሊኖረው ይችላል፤ ከደሴቶች ግዙፍ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ትልቁ ነው። ጉድጓድ መቆፈርም ሥራው ነው፤ የአንቺን አጥር ጨርሶ የጎረቤትሽን መሠረት ሊጀምር ይችላል። እንቁላሉ የባለ እሾኹ ከሆነ በዚህ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል፤ የነጠብጣቡ ከሆነ ደግሞ አምስት ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሳይፈለፈል ቢዘገይ ጎረቤት ‹‹ተበላሽቷል፣ ጣዪው›› ይልሻል፤ አትስሚ። የተበላሸ እንቁላል ሽታው ራሱ ይናገራል።

በነገራችን ላይ፣ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነውም ሙቀቱ ነው። ወደ 28 ቢቀር ወንዶች ይበዛሉ፤ ከ31 ከፍ ቢል ሴቶች። ‹‹ሁለቱም ኤሊዎቼ ሴት ቢሆኑስ?›› ካልሽ፣ ወንዱ ጭራው ረዘም ያለ ነው፤ የሆዱ ድንጋይም ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ወንድ ባይኖርም ተስፋ አትቁረጪ፤ ሴት ኤሊ ከመምጣቷ በፊት የተቀበለችውን ዘር ለዓመታት ይዛ ልትቆይ ትችላለች።

አሁን ወደ ወላጆቹ ልለፍ፤ የእኔ ዋና ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ‹‹ኤሊዬ አልበላ አለ›› የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ትሰጠዋለህ ብዬ አይደለም፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በስንት ሰዓት ነው ብዬ ነው። ኤሊ የራሱን ሙቀት አያመርትም። የበላው ሣር የሚፈጭለት ሰውነቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ቀዝቅዞ ከዋለ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይቆማል። እንቁላል የምትጥለዋም ሙቀት ካጣች ጨርሳ መጣል ያቅታታል። ለደሴ ሰው ክፉው ወቅት ኅዳርና ታኅሣሥ ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ቀኑ ብራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ሲወርድ፣ መሬቱ ሲረጥብ፣ ፀሐይ ለቀናት ሳትታይ ስትቀር ነው የሚታመሙት። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ አፍንጫው አረፋ ያወጣል፤ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ ይተነፍሳል። ያ የሳንባ ምች ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት የሚመለስ አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ማደሪያቸውን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ሥሪና ደረቅ ጭድ ሙዪው። እንጀራ የምትጋግሪበት ቤት ካለ፣ ምጣዱ ካለበት ግድግዳ ማዶ አስጠጊው፤ የግድግዳው ሙቀት እስከ ሌሊት ይቆያል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ የዞረ የድንጋይ ግንብ ሥር አውጫቸው። ደጋ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ብርቱ ነውና በዚህስ ደሴ ከቆላው አታንስም። ፀሐዩ በመስታወት መስኮት በኩል እንዲደርሳቸው ግን አታድርጊ። መስታወት ሙቀቱን አሳልፎ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ያስቀራል፤ ያለ እሱ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየም አይጠቅምም። ውጤቱ ሲነካ የሚለመጥ ድንጋይ ነው።

ምግቡ ቀላል ነው፦ ሰርዶ፣ ድርቆሽ፣ እሾኹ የተነቀለ የበለስ ቅጠል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ አይሰጥም፤ ፍራፍሬም ለነጠብጣቡ እንጂ ለባለ እሾኹ አይመከርም፣ ለነጠብጣቡም አልፎ አልፎ ነው። እንቁላል ጣይዋ ካልሲየሟን አራግፋለችና የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ ሣሩ ላይ ነስንሺላት። ዶሮዋ ለዚህ ትጠቅማለች።

የልጅሽ እንቁራሪቶች ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ እነሱን የሚገድላቸው ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሳፋ ነው። ‹‹የፊት እግር ሲያወጡ ይሞታሉ›› ማለትሽ ግን ሌላም ምክንያት ይጠቁመኛል፤ እየሰጠሙ ነው። የፊት እግር ሲወጣ ስንጥባቸው ይጠፋና በሳንባ መተንፈስ ይጀምራሉ። የሳፋው ግድግዳ ቀጥ ያለና የሚያንሸራትት ነውና መውጫ የላቸውም። ሳፋውን በአንድ ጎን ከፍ አድርጎ ያጋድለው፤ ውሃውን ይቀንሰው፤ ዳገት የሚሆን ድንጋይ ያስገባና ላዩን በወንፊት ጨርቅ ይሸፍነው። በዚያ ሰሞን አፋቸው እየተለወጠ ስለሆነ አይበሉም፤ የሚኖሩት ጭራቸውን እየጨረሱ ነው። አልበሉም ብሎ ምግብ መጨመር ውሃውን ማበላሸት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ የተቀቀለ ቆስጣ ትንሽ በትንሹ ይበቃቸዋል፤ የተረፈው በዕለቱ ይውጣ። አንድ ነገር ግን ይመልከት፦ ልጆቹ አካላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አፋቸው ዳር ሁለት ረጃጅም ጢሞች ያሏቸው፣ ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው የሚንሳፈፉ ከሆኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። እነዚያ ዳገት አያስፈልጋቸውም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር። በቆርቆሮ ባልዲ የቆየ ወይም ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ ይቅር፤ ከልባጡ የሚለቀቀው ዚንክ ይመርዛቸዋል። እንቁራሪት በቆዳዋ ትጠጣለች፣ በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ ሳሙና ወይም ቅባት የነካው እጅ አይንካት።

ትልቁ ፈተና ጭራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። የሚበሉት የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከጥፍር አይበልጡም። የበሰበሰ ሙዝ በጠርሙስ አስቀምጡ፤ አተላ ላይ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ዝንቦች ራሳቸው መጥተው ይራቡበታል። ፌንጣ ለትልልቆቹ ይሆናል፤ መድኃኒት ከተረጨ ማሳ የተያዘ ግን አይሁን። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣው መንጋ ወሎ ላይ ሲወርድና ሲረጭ፣ እኛ ነፍሳት መሰብሰብ ጨርሰን አቁመን ነበር።

ልጅሽ ሲሰለቸው ሐይቅ ወስዶ እንዳይለቃቸው አደራ። የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ በብዙ የዓለም ክፍሎች ዝርያ እስከ ማጥፋት ደርሷል፤ በአገራችን ደጋዎችም ተገኝቷል። መመለስ ካለባቸው የተወሰዱበት ኩሬ ብቻ ነው፤ ያም ከሌላ ቦታ ከመጣ እንስሳ ጋር ካልተቀላቀሉ።

ጫጩቶቹን አርብቶ መሸጥ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ አይቻልም ብዬ በአጭሩ ልመልስ። በአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም ማዘዋወርም ክልክል ነው። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ የዱር እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም በ1989 እ.ኤ.አ. ገብታበታለች። ‹‹ገዢ አለ›› የሚልሽ ሰው ቢመጣ በሩን ዝጊበት። የሁለቱን ወላጆች ጉዳይ ደግሞ ከእንቁላሉ መፈልፈል በፊት ለአካባቢሽ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ብታሳውቂ ይሻላል፤ ጫጩት ከመጣ በኋላ ማስረዳቱ ይከብዳል። እነዚህ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚኖሩ ፍጥረቶች ናቸው፤ ከአንቺ በኋላ ማን ይይዛቸዋል የሚለውም አብሮ ይታሰብ።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ኤሊዎቹን አይንካ፤ የውሃ ሳህናቸውም ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ። ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይይዛሉ፤ አሜሪካኖች በ1975 እ.ኤ.አ. ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

እስከ ማታ የድንጋያቸውንና የኋላ ጭናቸውን ፎቶ ላኪልኝ፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ዓይቼ የእንቁላሉን ጊዜ እነግርሻለሁ። ፎቶውን ለማንሣት ግን ኤሊዋን በጀርባዋ አትገልብጫት፤ ገና ያልጣለችው እንቁላል ሊኖር ይችላል።