«ካህን ነሽ እንዴ?» ለሚሉሽ፦ ሕሙማንን ስለ መጠየቅና ስለ መጽናት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሰንበት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ሆስፒታል ተኝተው ጠያቂ የሌላቸውን ሰዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጠየቅ ጀመርን። ስንጀምር ብዙ ነበርን። አሁን ሦስት ቀርተናል። ዘመዶቼ «ካህን ነሽ እንዴ? ለባለቤቱ ተዪው» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደክሞኛል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ይቆጣናል። አንዳንዱን በሳምንቱ ስንሄድ ሞቶ እናገኘዋለን። መቀጠል ግዴታዬ ነው? ሙስሊም ሕመምተኛ ሲያጋጥመንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ከዘመዶችሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት ይዘዋል። ንስሐ መስጠት፣ ማቁረብ፣ ቀንዲል መቀባት የካህን ሥራ ነው። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ማስተማርም ፈቃድ ይፈልጋል። ለታመመ ሰው ውኃ ለማጠጣት ግን ክህነት አያስፈልግም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና፥ ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋልና» ይላል። ይህ ቃል ለካህን ብቻ የተነገረ አይደለም። በዚያ ቀን «እኔ ምእመን ብቻ ነበርኩ» ብሎ የሚያመልጥ ሰው አላነበብኩም።

የአገራችንን የመጀመሪያ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን አስቢያቸው። በአራተኛው መቶ ዘመን በልጅነታቸው ወደ አገራችን ሲገቡ ጳጳስ አልነበሩም፤ ካህንም አልነበሩም። ከወንድማቸው ጋር አክሱም ቤተ መንግሥት ሲያገለግሉ የኖሩ እንግዳ ወጣት ናቸው። በዚያው ሥራ ላይ እያሉ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለጉ፣ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያገኙ ይረዱ ነበር። ወደ እስክንድርያ ሄደው በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሹመቱ ሲመጣ ሥራው ተጀምሮ ነበር።

ደግሞ እኛ ጎጃም ውስጥ ሆነን «ይህ የካህን ሥራ ነው» ማለታችን በጣም ያስገርመኛል። ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ። እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚሰጥባቸው ጉባኤ ቤቶች ይህን ያህል ዘመን በምን የቆሙ ይመስልሻል? ለቤተ ክርስቲያን በተሰጠ መሬት፣ በጉልት ብቻ? አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ይቆማል። ውሻው ይጮኻል። የቤቲቱ እመቤት ከጭሱ ውስጥ ወጥታ ቁራሽ እንጀራ ትሰጠዋለች። ነገ ሌላ ተማሪ ይመጣል። ከነገ ወዲያም ይመጣል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል፣ ለራሷ ልጆች ሳይበቃ፣ ያኔም ይመጣል። ልጁ ከወሎ ይሁን ከጎንደር አታውቅም። ስሙን አትጠይቀውም። ቅኔውን ጨርሶ፣ ሌላ አገር ሄዶ፣ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር ወሬው አይደርሳትም። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። እነሱ ባያበሉ ግን የሚያስተምረን ሊቅ፣ የሚቀድስልን ካህን ከየት ይመጣ ነበር? እኔም ያንን ቁራሽ በልቼ ያደግኩ ነኝ። ስለዚህ አንድ ሰው «ተራ ምእመን ምን ያደርጋል?» ሲል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዘመዶችሽ ምናልባት ለተማሪ ቁራሽ ሲሰጡ ኖረዋል። ያንቺም ሥራ ያው ነው በያቸው፤ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ድካምሽ እንምጣ።

ጽናት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሰማዕትነት ነው። የሚታሰበን በምክንያት ነው። በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ሁለተኛው ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። ያ ለእሳቸው የተሰጠ ጽናት ነው። ላንቺ የተሰጠሽ ደግሞ በዚህ እሑድ ወደዚያው ሆስፒታል መሄድ፣ በሚቀጥለውም እሑድ መሄድ ነው። ትንሽ አይምሰልሽ። አንድ ቀን ጨክኖ የሚወስን ሰው ብዙ ነው። ሳይታይ ዓመት የሚመላለስ ግን ጥቂት ነው።

የዐቢይ ጾምን እሑዶች ታውቂያቸዋለሽ። አራተኛው መፃጉዕ፣ አምስተኛው ደብረ ዘይት፣ ስድስተኛው ገብር ኄር። ሦስቱን ወንጌሎች ባንድ ቀን ተከታትለሽ አንብቢያቸው። ለኔ የጥያቄሽ መልስ እዚያ ነው ያለው።

የመፃጉዕ ሰው 38 ዓመት ታሟል። ጊዜው በዓል ነው፤ ኢየሩሳሌም በሰው ተሞልታለች። እሱ ግን ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው «በመጠመቂያው ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» አለ። እናንተ የምትጠይቋቸው ሰዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። ሐኪም አላቸው፣ አልጋ አላቸው፣ ሰው የላቸውም። ከገጠር መጥቶ፣ አስታማሚ አጥቶ፣ መድኃኒት የሚገዛለት ሰው የሌለው ስንት አለ! አሁን መንገድ በሚዘጋበት ጊዜማ ዘመድ እያለውም ሊደርስለት አይችልም።

ይቆጡናል አልሽ። የመፃጉዕ ሰው እኮ ሲድን ማን እንደ ፈወሰው እንኳ አላወቀም። አባቶቻችን ከዚህም አልፈው፣ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው እሱ ነው ብለው ያስተምራሉ። ጌታ ይህን እያወቀ ነው «አልጋህን ተሸከምና ሂድ» ያለው። ምስጋና ካልመጣ ሥራው ከሽፏል ማለት አይደለም። ሕመም ደግሞ ሰውን ያስቆጣል። ሲቆጣ መልስ አትስጪ፤ የያዝሽውን አስቀምጠሽለት ውጪ፤ በሳምንቱ ተመለሺ።

የደብረ ዘይቱ ወንጌል «ከዓመፃም ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች። እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» ይላል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰው ለያይቶ ይጠቅሳቸዋል። አብረሽ አንብቢያቸው። ፍቅር በሚቀዘቅዝበት ዘመን የሚጸናው ሰው በምን ነው የሚጸናው? ባለመቀዝቀዝ ነዋ። ያለንበትን ጊዜ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው ፈርቶ በሩን ይዘጋል፤ አልፈርድበትም። እናንተ ግን ስትችሉ ሂዱ። መንገዱ የሚያሰጋ ቀን ደግሞ ቤታችሁ ሁናችሁ ጸልዩላቸው። እግዚአብሔር ያንን እሑድ እንደ ቀረ አይቆጥርባችሁም።

ገብር ኄር ላይ አምስት መክሊት የተሰጠው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተሰጠው ሁለት አተረፈ። ጌታቸው ለሁለቱም የነገራቸው ቃል አንድ ነው። ቁጥር አላበላለጠም። «ብዙ ነበርን፣ ሦስት ቀረን» ላልሽው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሦስታችሁ በሦስታችሁ ልክ ነው የምትጠየቁት።

ግን በአጉል መንገድ አትድከሚ። ሐዋርያት ከአገልግሎት ሲመለሱ ጌታ «ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ» ብሏቸዋል። ማርቆስ 6 ላይ ታገኚዋለሽ። ሦስታችሁም በየሳምንቱ ከምትሄዱ ተራ ግቡ። በቀረሽበት እሑድ አንቺም ተኚ፣ መጽሐፍ አንብቢ፣ ቤተሰብሽን ጠይቂ። ሌላውን ጠያቂ እናቱን ከረሳ ነገሩ ተበላሽቷል። ሥጋ ወደሙ መቀበልሽንም ቸል አትበዪ፤ ሳይቀበሉ መስጠት ያደርቃል። ይህን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ደጉ ሳምራዊ እንኳ ሁሉን ብቻውን አልያዘም። ቁስሉን አሠረ፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወሰደው፣ በማግስቱ ግን ሁለት ዲናር ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። እናንተም ለሰንበቴው ተናገሩ። ለጽዋ ማኅበሩ ተናገሩ። ሆስፒታል መሄድ የማይችሉ እናቶች አጥሚት መሥራት ይችላሉ። ዝክር የሚያወጣው ሰው ከዝክሩ ላይ አንድ አገልግል ይለይላችሁ። ይህን ስትጠይቁት እሺ የሚላችሁ ሰው ጎጃም ውስጥ አይጠፋም።

የቀሩትን ጓደኞቻችሁንም አትውቀሷቸው። አንዱ ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ አንዱ ሞት አይቶ ደንግጦ ይሆናል። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። እነሱም ሰው ይፈልጋሉ። ስትጀምሩ ፎቶ እያነሳችሁ ቴሌግራም ላይ ትለጥፉ ከነበረ፣ እሱን አሁኑኑ ተዉት። ጌታ ምጽዋት ስታደርግ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሏል። የታመመ ሰው ደግሞ ፊቱ እንዲታይ አልፈቀደላችሁም።

ሞተው ስለምታገኟቸው ሰዎች፦ ገና በሕይወት ሳሉ ክርስትና ስማቸውን ጠይቋቸው። ጻፉት። ንስሐ ልግባ ወይም ልቁረብ ያለ እንደሆነ ለነገ አትበሉ፤ የዚያኑ ዕለት ካህን ጥሩ። ያረፈውን ደግሞ ስሙን ለካህኑ ስጡት፣ በቅዳሴ ያስበዋል። ዘመድ የሌለው ሰው በስሙ የሚጸለይለት በእናንተ በኩል ነው። ይህ ብቻውን ለመቀጠል ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ሙስሊሙን ሕመምተኛ እለፉት የሚል ትምህርት የለንም። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው «ከየት ነህ?» አላለውም፤ የማይስማማው ወገን እንደሆነ እያወቀ ጎንበስ አለ። ከጎኑ ያለውን ክርስቲያን ጠይቃችሁ እሱን ዘላችሁ ብታልፉ ወንጌሉን በእግራችሁ ሻራችሁት ማለት ነው። «እንደምን አደሩ፣ አላህ ይማርዎት» ብትዪው ምን ይጎድልብሻል? አልጋ ላይ አቅም አጥቶ ከተኛ ሰው ጋር ግን ስለ ሃይማኖት ክርክር አትክፈቱ። ራሱ «ለምን ትመጣላችሁ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳለው በየዋህነትና በፍርሃት መልሱለት። «ጌታችን የታመመ ጠይቁ ስላለን ነው» በቂ ነው። ለመውሰድ ደግሞ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዳቦ ይሻላል። ሥጋና የሥጋ ወጥ አትውሰዱለት፤ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ትቸገራላችሁ፣ እሱም ያፍራል። አጥሚቱን ግን ጠይቃችሁት ስጡት፤ የስኳር በሽታ ካለበት አስቀድማችሁ ነርሷን አማክሩ።