ጥያቄና መልስ፦ ለትልቅ ሰውነት የሞተር ቆዳ ልብስ ስለማሰፋት

አስተናጋጅ፦ የዛሬው መድረክ የባለመቀሱ ነው። ተሰፍቶ የሚሸጥ የሞተር ጃኬትና ሱሪ አልገባ ያላችሁ፣ በልካችሁ ስለማሰፋት ጠይቁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ።

ባለመቀሱ፦ እንደምን ዋላችሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ኪሎና ቁመት ብቻ ጽፎ «ስንት ቁጥር ይሆነኛል?» ያለ ሰው መልስ አያገኝም። ቆሞ የተለካ ልብስ ደግሞ ሞተር ላይ አይሆንም። ሁለተኛውን እስክትሰለቹ እደጋግመዋለሁ።

ቦክሰር150፦ ሰላም ጋሼ። 1.85 ነኝ፣ 130 ኪሎ። ስንት ቁጥር ላሰፋ?

ባለመቀሱ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጣርማበር፦ ጋሼ፣ ሰፊው ደረቴን፣ ወገቤንና እጅጌዬን ብቻ ለክቶ ጨረስኩ አለኝ። ይበቃል? ካልበቃ የትኞቹን ልኬቶች ልስጠው?

ባለመቀሱ፦ ሦስት ልኬት ለሱፍ ኮትም አይበቃ። ሌላ ሰው ይለካህ፤ ራሱን የሚለካ ሰው ሜትሩን ለማየት ሲያጎነብስ ልኬቱ ይበላሻል። ከስር የምትለብሰውን ስስ ልብስ ብቻ ልበስ፣ ኪስህን ባዶ አድርግ። መጀመሪያ ቆመህ፣ ቀጥሎ የራስህ ሞተር ላይ ተቀምጠህ፣ እጅህ መሪው ላይ እግርህ መርገጫው ላይ ሆኖ ትለካለህ። ሁለቱንም ጻፍ።

ደረት በብብት ስር፣ አየር ስበህ። ሆድ በጣም ጎልቶ በወጣበት። ቦርጭ ያለው ሰው ሲቀመጥ ይሄ ልኬት 5 ሴንቲና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ሱሪህን የምታስረው ከቦርጭ በላይ ነው ወይስ በታች? አስቀድመህ ወስን። በታች ከሆነ የሱሪው የኋላ ወገብ ከፊቱ በደንብ ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ስታጎነብስ ወገብህ ተራቁቶ ይቀራል። ከአንገትህ በስተኋላ ካለችው የአጥንት ጉብታ እስከ ሱሪው መታሰሪያ፣ አጎንብሰህ። ከጉሮሮህ ስር እስከዚያው መታሰሪያ ደግሞ በሆድህ ላይ አሳልፈህ። ብዙ ሰፊዎች የሚስቱት ይሄኛውን ነው። ዙሪያውን ያሰፉና የፊቱን ርዝመት ይረሱታል፤ ጃኬቱ ቦርጩ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

እጅጌ የሚለካው ከአንገት ጉብታ ተነስቶ በትከሻ፣ በታጠፈ ክርን በኩል እስከ አንጓ ነው። የላይኛው ክንድ ታጥፎ፣ የታችኛው ክንድ፣ አንጓ፣ አንገት። ለሱሪ ዳሌ ተቀምጠህ፣ ጭን በወፈረበት ተቀምጠህ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ባት፣ ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት። ከፊት ወገብ ተነስቶ በብሽሽት አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ያለውንም እንዳትረሳ።

ሁሉም የሰውነት ልኬት ነው፤ ትርፍ የሚጨምረው ሰፊው ነው። «እንዳይጠበኝ» ብለህ አንተም ከጨመርክ፣ እሱም ከጨመረ፣ ክርኑ ላይ ያለው መከላከያ ስትወድቅ ዞሮ ክንድህ ጎን ላይ ይገኛል። ሰፊ ልብስ ምቹ ይመስላል እንጂ አይጠብቅም።

የአዳማው፦ ቆዳውን ራሴ ልግዛ ወይስ ሰፊው ይግዛ?

ባለመቀሱ፦ ራስህ ግዛ፤ ካልሆነ አብረኸው ሂድ። የከብት ቆዳ፣ ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊሜትር፣ ፊቱ ያልተፋቀ። ፊቱ ተፍቆ ቀለም የተጫነበትን ለማወቅ ጥግ ጥጉን እጥፍ አድርገህ ጫነው፤ ቀለሙ ፍርክስክስ ካለ ተወው። ስፕሊት፣ ማለትም ከስር የተሰነጠቀው ንጣፍ፣ ቢወፍርም ይቀደዳል። ውፍረቱን በካሊፐር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያ፣ ለካ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአንገት፣ ከጀርባና ከጎን።

የአገራችን ከብት ቆዳ ላይ የትኩስ ማኅተም፣ የመዥገር ነጥብና የእሾህ ጭረት አይጠፋም፤ እነዚህ ፊቱ ላይ ይታያሉ። የሚያስፈራው የገፋፊው ቢላ ነው። ከፊት አይታይህም። ገልብጠህ በጣትህ ዳስሰው፤ 1.3 የሆነ ቆዳ ቢላው የገባበት ጋ 0.7 ሆኖ ታገኘዋለህ። ያ ቦታ ክርን ላይ ከዋለ ለምንም አይሆንም። በጠመኔ ክበበውና ለኪስ ውስጠኛ ይዋል።

ስትከፍል ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከት፣ ስፋቱ በስኩዌር ፊት (በካሬ ጫማ) ነው። ለመካከለኛ ሰው ጃኬት 30 እስከ 35 ይበቃል፤ ለትልቅ ሰው ከብክነቱ ጋር 45 እስከ 50 ያዝ፣ ሱሪው ሌላ ነው። ሁሉንም ባንዴ ግዛ። ሲጎድል ተመልሰህ የምትገዛው ቀለሙም ልስላሴውም ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። የጀርባው ክፍል ለትከሻ፣ ለክርን፣ ለመቀመጫና ለጉልበት ይቆረጥ። የሆዱ ክፍል ይለጠጣል፤ ለማይመታ ቦታ ብቻ።

ሰላሌ፦ ባለመቀሱ፣ የአገራችን የበግ ቆዳ በዓለም የታወቀ አይደለም እንዴ? ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው ይባላል። ክብደትም ይቀንሳል።

ባለመቀሱ፦ የታወቀው ለጓንት ነው። እውነት ነው፣ የደጋው በግ ሌጦ ከሌላ አገር በግ ይጠነክራል። ግን ለልብስ ሲለፋ 0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። አስፋልት ላይ ለመንሸራተት አይሆንም፣ በተለይ ከባድ ሰው ሲሆን።

ሰላሌ፦ ታዲያ የካንጋሮ ቆዳስ? እሱም ስስ ነው፣ የውድድር ሰዎች ይለብሱታል።

ጣርማበር፦ ሰላሌ፣ ካንጋሮ ከየት ልታመጣ ነው?

ሰላሌ፦ ለመወያየት ነው እንጂ ላምጣ አላልኩም። የአገር ምርት ሲነሳ ሁልጊዜ ማጣጣል አለ።

ባለመቀሱ፦ ማንም አላጣጣለም። የካንጋሮ ቆዳ ክሮቹ ከፊቱ ጋር ተኝተው ስለሚሄዱ በዚያ ስስነት አይቀደድም፤ የበግ ቆዳ ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። አንድ የበግ ሌጦ ደግሞ በጣም ቢበዛ 5 ወይም 6 ስኩዌር ፊት ነው። ለትልቅ ሰው ጀርባ ስንት ቦታ ልትቀጥል ነው? ስፌት በበዛ ቁጥር የሚፈነዳ ቦታ ይበዛል። እከክ ያለበት ሌጦ ላይ ያለውን ነጠብጣብማ ራስህ ታውቀዋለህ። ጨርሰናል።

ዴሊቨሪ_ነኝ፦ ዋጋው ስንት ይመጣል?

ባለመቀሱ፦ ዋጋ አልናገርም። ስኩዌር ፊቱን ከላይ ሰጥቻለሁ፤ የቆዳውን ዋጋ ገበያ ጠይቀህ አባዛ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ፓኪስታን፣ ሲያልኮት ልኬት ልኬ ላሰራ አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ባለመቀሱ፦ ሲያልኮት የሞተር ቆዳ ልብስ ዋና ከተማ በለው። የቆዳውን ውፍረት በሚሊሜትር፣ የክሩን ዓይነት፣ የዚፑን ቁጥር በጽሑፍ አስቀምጥ። ከመሰፋቱ በፊት የተቆረጠውን ቆዳ ካሊፐር አስይዘው ፎቶ ይላኩልህ። ሌላ፣ ውስጡ የሚገባው መከላከያ ላይ ሲኢ የሚባለው የአውሮፓ ምልክት ስላለ ልብሱ ተፈትኗል ማለት አይደለም። ልብሱ የሚፈተንበት ኢኤን 17092 የሚባል የራሱ የአውሮፓ መስፈርት አለ። «ሲኢ ነው» ካሉህ፣ ልብሱ ነው ወይስ መከላከያው? በላቸው። እና ተቀምጠህ ተለካ።

የአዳማው፦ ሰፊዬ ያለው ተራ የስፌት መኪና ነው። ይችላል?

ባለመቀሱ፦ ሁለት ንጣፍ ቆዳ ያልፍ ይሆናል፤ የስፌት መገናኛ ላይ አራት ንጣፍ ሲደርስ ጥልፉ ይዘላል። ከላይም ከታችም እኩል የሚስብ እግር ያለው፣ የቦርሳና የሶፋ ሰፊዎች የሚይዙት መኪና ነው የሚያስፈልገው። መርካቶ ጫማ ተራ አካባቢ ጠይቅ።

ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር፣ ቦንድ የተደረገ (እንዳይበታተን የተያያዘ)፣ ውፍረቱ ቴክስ 90። የጥጥ ክር በላብና በዝናብ ይበሰብሳል፤ ከባድ ሰው ደግሞ ላቡም ብዙ ነው። መርፌ ቁጥር 110 እስከ 130፣ ጫፉ የቆዳ። የጥልፍ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር። «እንዲጠነክር» ብሎ 2 ሚሊ ላይ የሚሰፋ ሰው አለ፤ ያ ቆዳውን እንደ ቴምብር እየበሳ ነው፣ ሲወጠር በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል። ዋና ዋናዎቹ ስፌቶች አንድ የተደበቀና ሁለት ከላይ የሚታይ መስመር ይኑራቸው፤ ከላይ ያለው ተፍቆ ቢያልቅ የተደበቀው እንዲይዝ። ማስቲሽ ጠርዝ ለማጠፍ ነው እንጂ ስፌት አይተካም።

ለትልቅ ሰው የሚፈነዳው ሁሌም ተመሳሳይ ቦታ ነው፦ የሱሪው መቀመጫ፣ የጭን ውስጠኛ ክፍልና ብብት። አራቱ የሱሪ ስፌቶች ብሽሽት ላይ አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ውጥረቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። መሃል ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ይግባ፤ ስፌቶቹ ይበታተናሉ፣ እግርህን ስታነሳም አይወጥርም። ብብት ላይም እንዲሁ። መቀመጫው ላይ አግድም ስፌት አይኑር።

ቦክሰር150፦ ኪሎዬ ይወጣል ይወርዳል። በሁዳዴ እቀንሳለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ጎኑ በኋላ ሊሰፋ ሊጠብ ይችላል?

ጣርማበር፦ የሁሉም ሰው ችግር ነው ወንድሜ።

ባለመቀሱ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨርቅ ሲፈታ ቀዳዳው ይጠፋል፤ ቆዳ ላይ የመርፌው ቀዳዳ አይደፈንም። ስለዚህ ስፌት ውስጥ ትርፍ አስቀምጦ በኋላ መልቀቅ አይሠራም። ጎንና ጎን፣ ከብብት እስከ ታች፣ ራሱን የቻለ ቁራጭ ይሁን፤ ሲያስፈልግ እሱ ብቻ ይቀየራል። ወይም በዚፕ የሚከፈት እጥፋት ጎን ላይ ይግባ። በገመድ የሚታሰር ጎን አልመክርም፣ ሲንሸራተት ይበጠሳል። ወገብ ጀርባ ላይና ከጉልበት በላይ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ቆዳ ይደረግ፤ ስትቀመጥ የሚጨምረውን ይሰጥሃል። አሁንም ልኬቱ ተቀምጠህ።

ወይዘሪት_ሞተር፦ ጋሼ፣ ለሴት ልኬቱ ይለያል?

ባለመቀሱ፦ አዎ እህቴ። ከጡት በላይ፣ በጡት ላይና ከጡት በታች ሦስቱንም ለይተሽ አስለኪ፣ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ ያለውንም። የወንድ ጃኬት ዙሪያውን ብቻ አስፍተው ከሰጡሽ ትከሻው ይወድቃል፣ መከላከያውም ክንድ ላይ ይወርዳል። አትቀበያቸው።

የአዳማው፦ መከላከያው የትኛው ደረጃ?

ባለመቀሱ፦ ለትከሻ፣ ለክርንና ለጉልበት ኢኤን 1621-1፣ ደረጃ 2። በፈተናው ደረጃ 1 ከምቱ ኃይል በአማካይ እስከ 35 ኪሎኒውተን ያሳልፋል፣ ደረጃ 2 እስከ 20፤ ያነሰው ይሻላል። ለጀርባ ኢኤን 1621-2፤ እዚያ 18 እና 9 ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጠኑን እይ፦ ዓይነት ኤ ትንሽ ነው፣ ዓይነት ቢ ሰፋ ያለ ቦታ ይሸፍናል። ትልቅ ክንድ ላይ ዓይነት ኤ ማድረግ ከንቱ ነው። ኪሱ ከመሰፋቱ በፊት መከላከያው ይገዛ፣ ኪሱ በእሱ ልክ ይቆረጥ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ እኔ ግን በሙቀት ከቆዳ ይልቅ የጨርቅ ጃኬት ይሻላል እላለሁ። አዋሽ ላይ ቆዳ ለብሳችሁ ሞክሩት።

ሰላሌ፦ አዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ አዋሽን ምን አመጣው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ መንገድ የሚወጣ ሰው አለ ብዬ ነዋ።

ባለመቀሱ፦ ቆላ የሚወርድ ደረቱና የጭኑ ፊት ላይ የተበሳሳ ቆዳ ያስገባ። ክርን፣ ትከሻና መቀመጫ አይበሳ። የጨርቁን ክርክር ሌላ ቦታ።

ዴሊቨሪ_ነኝ፦ 115 ኪሎ ነኝ፣ ኤክስ ኤክስ ኤል ይሆነኛል?

ባለመቀሱ፦ ወንድሜ፣ ሜትር ግዛ።

ጣርማበር፦ ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ ልክ አልሆን ቢልስ?

ባለመቀሱ፦ ለዚህ ነው መጀመሪያ በአቡጀዲ የሚሰፋው። አይለጠጥም፣ ርካሽ ነው። በፓተርኑ፣ ማለትም በመቁረጫ ንድፉ፣ ተቆርጦ ይሰፋ፣ መከላከያዎቹ በቦታቸው በመርፌ ቁልፍ ይያዙ፣ ለብሰህ ሞተርህ ላይ 20 ደቂቃ ተቀመጥ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙር፣ ወደ ኋላ ዞረህ እይ፣ እግርህን አውርደህ መሬት ርገጥ። ትከሻ ላይ የሚስበው፣ ብሽሽት ላይ የሚቆርጠው፣ አንጓህ ላይ የሚሸሸው ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። የጉልበቱ መከላከያ ተቀምጠህ ጉልበትህ መሃል ካልሆነ ኪሱ ይንቀሳቀስ። አቡጀዲው ተፈትቶ ፓተርኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው ቆዳው ላይ መቀስ የሚያርፈው። «አያስፈልግም፣ ልምድ አለኝ» የሚል ሰፊ ካጋጠመህ ቆዳህን ይዘህ ውጣ።

ወይዘሪት_ሞተር፦ ዝናብ ከመታው?

ባለመቀሱ፦ ሰፊ ትከሻ ባለው መስቀያ፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይም እሳትም አይይ። ሲደርቅ ቅባት።

ቦክሰር150፦ ቀይ ይሻላል ጥቁር?

ባለመቀሱ፦ እንደወደድክ።

ቦክሰር150፦ እሺ የመጨረሻ። ስቀመጥ የፊት ዚፑ ሆዴ ላይ ይጎብጣል፣ አገጬንም ይነካል።

ባለመቀሱ፦ ዚፑ ቆመህ ተለክቶ ነው። ስትቀመጥ የታችኛው ጫፍ ጭንህ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይገፋዋል። የጃኬቱ ፊት ከመታሰሪያው 3 ወይም 4 ሴንቲ ብቻ ወርዶ ይቆረጥ፣ ጀርባው ይርዘም። ዚፑ ብረት፣ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ከታችም የሚከፈት ባለሁለት ራስ ይሁን፤ ስትቀመጥ የታችኛውን አንድ ጣት ያህል ትከፍተዋለህ፣ ስትቆም ትዘጋዋለህ። ከዚፑ ጀርባ 5 ሴንቲ የቆዳ መደረቢያ ይኑር፣ ብረቱ ሆድህን እንዳይቆነጥጥ። ጃኬቱንና ሱሪውን የሚያያይዘው ዚፕ ደግሞ ሙሉ ዙሪያ ሳይሆን ከኋላ ብቻ፣ ከጎን እስከ ጎን ይሁንልህ፤ ፊት ለፊት ካያያዝከው ቦርጭህ መሄጃ ያጣል።