ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡ፦ ስለ ወይን እርሻና ስለ ሌብሉ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ቨርጂኒያ፣ ሻርሎትስቪል አካባቢ ወይን እርሻ ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። መግረዝ፣ ማሰር፣ መልቀም፣ መጥመቅ፣ ጠርሙስ ላይ ሌብል መለጠፍ፣ ሁሉንም በእጄ ሠርቼዋለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ወይን ሲባል የምንሰማው ፈረንሳይና ካሊፎርኒያ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ይበቅላል እንዴ?

ይበቅላል፤ ግን ስንቱን ካደከመ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 ፊሊፖ ማዜይ የሚባል ጣሊያናዊ የአውሮፓ ወይን ሊተክል እዚህ መጣ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰንም ሞንቲቼሎ በሚባለው ርስቱ ላይ ለዓመታት ደጋግሞ ተከለ። አልሆነለትም።

ከምክንያቶቹ አንዷ ፊሎክሰራ እንደሆነች ይታመናል። የወይን ሥር የምትመጥ፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ናት። የአሜሪካ የዱር ወይን ለምዷታል። የአውሮፓው ግን ሥሩ ይቆስልና ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ይቺው ተባይ ውቅያኖስ ተሻግራ ፈረንሳይ ገባችና እርሻውን ፈጀችው። መፍትሔውም የመጣው ከዚሁ ከአሜሪካ ነው፤ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ መቀጠል። ዛሬ እርሻችን መጥታችሁ ግንዱ ሥር ብታጎነብሱ፣ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ጉልበት ያበጠ ቦታ ታያላችሁ። ሁለቱ የተጋጠሙት እዚያ ላይ ነው። ከላይ ካበርኔ ፍራንክ የሚባለው የአውሮፓ ቀይ ዝርያ፣ ከታች አሜሪካዊ ሥር። እኔ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ወይን አንዴ ከተተከለ በራሱ አይደል እንዴ የሚያፈራው? ዓመት ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?

ኧረ ምን በራሱ! የካቲት ላይ በብርዱ እንገርዛለን። አምና ካደገው ቅርንጫፍ አብዛኛውን ቆርጠን እንጥላለን። ብዙ ቡቃያ ከተተወ ብዙ ዘለላ ይመጣል፤ ግን ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል።

ሚያዝያ ላይ ቡቃያው ይፈነዳል። የኛ ጭንቅም ያኔ ይጀምራል። አንድ ሌሊት ውርጭ ከመጣ በቃ። እንደ ከፋይ ለስላሳ የነበረው ሮዝማ ቡቃያ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ የተቀቀለ ሻይ ቅጠል ይመስላል። አንድ ዓመት የታችኛውን መስመር ሙሉ በሙሉ አጥተነዋል። የላይኛው ተረፈ፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ስለሚፈስ ነው። ወይን ተዳፋት ላይ የሚተከልበት አንዱ ምክንያትም ይኼው ነው።

በጋው እዚህ እርጥበታም ስለሆነ ሻጋታ አይጣል ነው። ንፋስ በዘለላው መሀል እንዲያልፍ ቅጠሉን በእጅ እናሳሳለን። ነሐሴ ገደማ ፍሬው ቀለም ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየዞርን መቅመስ ነው። ስኳሩን በመሣሪያ እንለካለን፤ እኔ ግን የበለጠ የማምነው ዘሩን ነው። አረንጓዴ ከሆነና ምላስን ከያዘ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከአበባ እስከ ለቀማ ወደ 100 ቀን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ እኛ አገር እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ታዲያ ባቱ ላይ ወይን እንዴት ያፈራል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ያቋቋመው የወይን እርሻ አለ፤ «ሪፍት ቫሊ» የሚባለው ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የወጣው ከዚያ ነው። እዚህ ተክሉ ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ሞቃት አገር ግን እንቅልፍ የለውም። የሚቀሰቅሰው መቀሱ ነው። በገረዝከው ጊዜ አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ከዚያ ወራቱን ቆጥረህ ለቀማው መቼ እንደሚውል ታውቃለህ። ስለዚህ ገበሬው ፍሬው ዝናብ ላይ እንዳይደርስ አድርጎ የሚገርዝበትን ቀን ይመርጣል። በእንዲህ ዓይነት አየር በዓመት ሁለቴ ማምረትም ይቻላል። እዚህ ውርጭ ስንጠብቅ እያደርን ይህን ሳስበው እቀናለሁ።

ጥያቄ፦ ሌብሉ ላይ «ካበርኔ ፍራንክ 2019» ካለ፣ ውስጡ ያለው መቶ በመቶ እሱ ነው?

ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ ሕግ የፍሬው ስም እንዲጻፍ 75 በመቶው ከዚያ ዝርያ መሆን አለበት። በአውሮፓ ኅብረት 85 በመቶ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሜርሎ የሚባለውን ሌላ ዝርያ ትንሽ ጨምሮ ማለስለስ የቆየ ሙያ ነው። «ቨርጂኒያ» የሚል ካለ ቢያንስ 75 በመቶው ፍሬ ከግዛቱ ነው። «ሞንቲቼሎ» የሚል ካለ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ሞንቲቼሎ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የወይን ክልል ስለሆነ 85 በመቶው ከዚያው መምጣት አለበት፤ ከፍሬውም 95 በመቶው ሌብሉ ላይ በተጻፈው ዓመት የተለቀመ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ለሽማግሌዎች ልወስድ ነው። «ሪዘርቭ» የሚለውን ልግዛ?

አሜሪካ ውስጥ ያ ቃል በሕግ ምንም ትርጉም የለውም። ማንም ይጽፈዋል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ በወርቅ ቀለም ተጽፎ አይቼ ደህና ብር አውጥቼበታለሁ፤ ከጎኑ ካለው ርካሽ ጠርሙስ የሚለየው ነገር አልነበረም። የስፔኑ «ሬዜርቫ» ግን ሌላ ነው። ሪዮሃ በሚባለው የስፔን የወይን ክልል ቀዩ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ቢያንስ አንዱን ዓመት በእንጨት በርሜል። ለሽማግሌዎችህ ያንን ውሰድ። መልካም ጋብቻ ይሁንልህ።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ምኑን ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ጠርሙሱን አዞራለሁ። ከኋላ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መስመር እፈልጋለሁ። ፊት ለፊት ያለው ሥዕል የሻጩ ነው፤ ያ መስመር ግን ሠሪውን ይነግርሃል።

«ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ካለ፣ ስሙ የተጻፈው ወይን ጠማቂ ቤት ቢያንስ 75 በመቶውን እዚያው ራሱ አፍልቶታል ማለት ነው። «ሴላርድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ወይም «ቪንትድ» ካለ የተጠመቀውን ከሌላ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። «ቦትልድ ባይ» ብቻ ካለ ከማሸግ ያለፈ ነገር መሥራቱን አይነግርህም። «ኢስቴት ቦትልድ» ደግሞ የጠበቀው ነው፤ ፍሬው በሙሉ ቤቱ በያዘው ወይም በሚቆጣጠረው መሬት ላይ የበቀለ፣ ከመጭመቅ እስከ ማሸግ እዚያው ያለቀ፣ ቤቱም መሬቱም በአንድ የወይን ክልል ውስጥ ያሉ።

ገዝቶ የሚያሽግ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን የካቲት ላይ ጣቱ እየደነዘዘ የገረዘ ሰው ጠርሙሱም ላይ ስሙን ሲያገኝ ደስ ይለኛል። ገንዘቤን ለእሱ ብሰጥ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይ ወይን ላይ የፍሬው ስም የለም። ለምን ይደብቁታል?

አልደበቁትም። አንቺ ቡና ስትገዢ «ይርጋጨፌ» ትያለሽ እንጂ የዛፉን ዝርያ አትጠሪም አይደል? እነሱም እንደዚያው ነው። ቦታው ጣዕሙን ይነግራል ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በየቦታው የትኛው ፍሬ እንደሚተከል በሕግ ተወስኗል። ሻብሊ የሚል የቦታ ስም ካለ ፍሬው ሻርዶኔ ነው። ቀይ ቡርጎኝ በአብዛኛው ፒኖ ኗር፣ ቀይ ቦዦሌ ጋሜ ነው። ሦስቱን ከያዝሽ ለጊዜው ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ «ሰልፋይት አለው» ይላል። መርዝ ነው?

አይደለም። ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው፤ እርሾውም ሲያፈላ በራሱ ትንሽ ያመርታል። በሊትር 10 ሚሊግራም ከደረሰ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ለዚህ ነው ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠርሙስ ላይ የምታዩት። አስም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከእርሻችሁ ወይን ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ይቻላል?

በኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፤ እንዲፈላ አይተውም። የኛ ግን በእርሾ የፈላ ነው። መስጠት ካሰባችሁ መጀመሪያ ካህናቱን አማክሩ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ሐረግ ልተክል ነው። ምን ትመክረኛለህ?

በጣም ደስ ይላል! በአሜሪካ ሥር ላይ የተቀጠለ ችግኝ ግዢ። ጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ቦታ ላይ አድርጊው፤ ጤዛው ቶሎ ሲደርቅ ሻጋታው ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚመጣውን ዘለላ ቁረጪው፤ ሆድ ይበላል፣ አውቃለሁ፣ ግን ሥሩ ይጠንክር። ሦስተኛው ዓመት ላይ ትለቅሚያለሽ።

አንድ ነገር አደራ። ያ ያበጠው፣ እንደ ጉልበት ያልኩት ቦታ፣ አፈር ውስጥ እንዳይቀበር። ከተቀበረ የላይኛው የራሱን ሥር ይሰዳል፤ ፊሎክሰራም ያንን ታገኘዋለች። ከአፈር አራት ጣት ከፍ አድርጊው።