የስፖርት ማርክ ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሴሚስተር ሊዘጋ ሲል የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ስፖርት እንዴት 64 ይሰጣል?» ጅማ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ከወላጆች፣ ከተማሪዎችና ከሥራ ባልደረቦች የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ከኪቶ)፦ ልጄ በሌላው ትምህርት ሁሉ ከ90 በላይ ናት። ስፖርት 64 አምጥታ ደረጃዋን ከአንደኛ ወደ አራተኛ አወረደባት። ሯጭ አይደለችም እንጂ ሰነፍ አይደለችም። ይህ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ 64ቱ ከምን ከምን እንደተደመረ ሳይታወቅ መፍረድ ያስቸግራል። ትምህርት ቤት ሄደው መምህሩን «ማርኳን አሳዩኝ» ይበሉ፤ መብትዎ ነው። ትምህርቱ የሚመዘነው በእውቀት፣ በክህሎትና በአመለካከት ነው። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ የተማረችውን እንቅስቃሴ መሥራቷ አለ፣ ተሳትፎዋ አለ። ከጽሑፉ ወድቃ ከሆነ እንደ ባዮሎጂው አጥንታ የምታስተካክለው ነው። ማርኩ በሙሉ ከአንድ ቀን ሩጫ የመጣ ከሆነ ግን ቅሬታዎ ልክ ነው። ሩጫ ብቻውን የሚለካው ያልተማረችውንም ነገር ነው፤ እግሯን፣ ቁመቷን፣ ጠዋት ቁርስ መብላቷን።

በሌላ በኩል፣ ደረጃ እንዳይበላሽ ብሎ ለክፍሉ ሁሉ 85 የሚሞላ መምህርም አለ። ወላጅ አይከሰውም፣ እኔ ግን እሱን ነው የምወቅሰው።

ጥያቄ (ጀማሪ መምህር)፦ ጋሼ፣ የ12 ደቂቃ ሩጫ ሰንጠረዥ አለኝ፤ «በጣም ጥሩ»፣ «ደካማ» ይላል። ወደ ማርክ ቀይሬ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሩጫውን ያዝ፣ ሰንጠረዡን ተወው። በ12 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደተሮጠ የሚለካውን ይህን ፈተና አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው በአሜሪካ አየር ኃይል ወንዶች ላይ ሠርቶ ነው። ያንተ ተማሪ የ15 ዓመት ልጅ ናት፣ የቆመችውም ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ብንለምደውም ያ ሰንጠረዥ ለዚህ አየር አልተሠራም። ዕድሜም አለ፦ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ይመዘዛሉ። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያበቀለና ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ብትለካ ያወዳደርከው ጉርምስናቸውን ነው።

ልጁን ከራሱ ጋር አስተያየው። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ፣ ከወራት በኋላ አንድ፤ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት። አንዱን ጭቃ ላይ ሌላውን ደረቅ ላይ ካስሮጥክ የለካኸው የጅማን ዝናብ ነው።

ጥያቄ (የሥራ ባልደረባ)፦ እሱን ሞክሬው ነበር። ለመሻሻል ማርክ እንደምሰጥ ሲያውቁ የመጀመሪያውን ቀን ሆን ብለው ተጎተቱ። ኋላ «ተሻሻልን» አሉኝ።

መልስ፦ ልጆቹ ሒሳብ ያውቃሉ ማለት ነው! ሌላም ችግር አለው፦ ለፕሮጀክት (ለታዳጊዎች ሥልጠና) ቡድን የሚጫወተው ልጅ ከመጀመሪያውም ጣሪያ ላይ ነው፤ ከየት ያምጣ መሻሻል?

እኔ ለሜትሩም ሆነ ለጭማሪው ማርክ አልሰጥም። ማርክ የምሰጠው ልጁ በቁጥሩ ለሚሠራው ነው። ደብተሩ ላይ ውጤቱን ይመዘግባል፣ የልብ ምቱን ከሩጫው በፊትና በኋላ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛል፣ ለቀጣዮቹ ሳምንታት እቅድ ያወጣል፣ መጨረሻ ላይ ለምን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያስረዳል። «ቀንሻለሁ፤ ታምሜ ስለነበር ሦስት ሳምንት አልተንቀሳቀስኩም፤ የእረፍት የልብ ምቴም ጨምሯል» ብላ የጻፈች ልጅ ከእኔ ዘንድ ሙሉ ታገኛለች። በዚህ አሠራር መጎተት ለልጁ ምንም አያተርፍለትም።

ጥያቄ፦ 65 ተማሪ፣ አንድ ስቶፕዎች፣ ሦስት ኳስ። እንዴት ይመዘናል?

መልስ፦ ለሩጫው ጥንድ ጥንድ አድርጋቸው፦ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ዙር ይቆጥራል። አንዱ ስቶፕዎች ለሁሉም ይበቃል።

ለክህሎት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አሰልፎ መመዘን ይቅር፤ 60 ልጅ ቆሞ አንድ ልጅ ሲሳሳት ያያል። ልጆቹ ሲለማመዱ በየክፍለ ጊዜው አሥር አሥሩን ብቻ ተመልከት፣ ስማቸውን አስቀድመህ አትንገር። መስፈርቱን ግን በፊት ንገራቸው። ለምሳሌ መረብ ኳስን በሁለት ክንድ ከታች ማንሳት፦ ጉልበት ታጥፏል? ክንዶች ተዘርግተው ገጥመዋል? ኳሱ ያረፈው ክንድ ላይ ነው ወይስ መዳፍ ላይ? ጓደኛው ወደቆመበት ሄዷል? አራት ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ማርክ። ልጁ ሦስቱን አሟልቶ ኳሱ ቢያፈተልክበትም የተማረው ይታያል።

ጥያቄ (ወላጅ)፦ ልጄ ሂጃብ ትለብሳለች፤ ከወንዶች ፊት መሮጥም ታፍራለች። ማርክ ይቀነስባታል?

መልስ፦ በልብሷ አይቀነስም። ፊፋ የራስ መሸፈኛን በ2014፣ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቅደዋል፤ እነሱ ከፈቀዱ የትምህርት ቤት ሜዳ የሚከለክልበት ምክንያት የለም። ሰፊ ሱሪ ትልበስ፣ ሂጃቡ መርፌ ቁልፍ አይኑረው፤ ይወጋል። ሴቶቹን ለብቻ በቡድን ማስሮጥም ይቻላል፣ መምህሩን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በረመዳን ፈተና ቢኖርስ?

መልስ፦ ረጅም ሩጫን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ ነው። በሁዳዴም እስከ ከሰዓት የማይበሉ ልጆች አሉ። በዚያ ጊዜ ሕግጋት፣ ማፍታታት፣ ቀላል የኳስ ልምምድ ይሠራል። የጾመን ልጅ ውጤት ካልጾመበት ቀን ጋር ማስተያየት ሐሰተኛ ቁጥር ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ 10ኛ ክፍል)፦ ቲቸር፣ ክብደታችን ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነበበ። በውፍረት ማርክ ይያዛል እንዴ?

መልስ፦ አይያዝም፣ መነበብም አልነበረበትም። ክብደት በግል ይለካል፣ ቁጥሩ የአንቺ ነው። ክብደትን ለቁመት ሁለት ጊዜ የማካፈሉ ስሌት (ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው) ላንቺ ዕድሜ እንደ አዋቂ አይነበብም፤ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜና በጾታ የለየ የራሱ ሰንጠረዥ አለው። ለክፍል ኃላፊ መምህርሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ሙሉ ማርክ ተሰጥቶት ይቀመጥ?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አስም ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ አሟሙቆ፣ የሚነፋ መድኃኒቱን ይዞ ይሠራል። የልብ ሕመም ከሆነ ሐኪሙ የፈቀደውን ብቻ፤ የሐኪም ወረቀት ያምጣ። ዳኝነት፣ ምዝገባ፣ የጽሑፍ ሥራ ይመዘንበታል። በነጻ የተሰጠ ማርክ ግን «አንተ አትቆጠርም» ማለት ነው።

ጥያቄ (የሥራ ባልደረባ)፦ ደኅንነታቸውንስ እንዴት እንመዝን? እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ጫት…

መልስ፦ ደኅንነት ማርክ አይሰጠውም። የሁለት ሳምንት የእንቅልፍና የእንቅስቃሴ መዝገብ አስይዛቸዋለሁ። ለዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ እንቅስቃሴ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመከራል። የምመዝነው መዝገቡ መያዙንና ልጁ ከራሱ መዝገብ ምን እንዳነበበ ነው። አምስት ሰዓት የተኛው ከዘጠኝ ሰዓቱ ያነሰ አያገኝም። አለበለዚያ ሁሉም «ዘጠኝ» ብሎ ይጽፋል።

ጫትን በተመለከተ፣ ጅማ ነን፣ ለፈተና ሲያነቡ የሚቅሙ እንዳሉ እናውቃለን። አንዱ መዝገቡ ላይ ከጻፈው አምኖን ነው። ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከወሰድከው ከእንግዲህ ማንም እውነት አይጽፍልህም። የልብ ምቱን የቃመበትና ያልቃመበት ቀን እንዲቆጥር አድርገው፤ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ካነበብክ ግን ያ ምስጢር አይሆንም፣ በዚያው ቀን ለአማካሪ ይነገራል። ይህንንም መዝገቡን ከማስጀመርህ በፊት ለሁሉም ንገራቸው።